የፌስታል ክር

ሐረር፣ ጥቅምት 8 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለአቶ ለገሠ ሀብተወልድ፣
ጭሮ ማረሚያ ቤት

የላኩልኝ ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሁለቱን አልከፈትኳቸውም። ሦስተኛውን የከፈትኩት ከጥቅል ጋር ስለመጣና ውስጡ ምን እንዳለ ስላላወቅሁ ነው። የእርስዎ መሆኑ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ እሱንም አልነካውም ነበር።

ጤንነቴን ጠይቀዋል፤ ጤነኛ ነኝ። ባለቤቴ መምህር እንደሻው በመኪናዎ ተገጭቶ ከሞተ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ልጄ ኤደን ድሬዳዋ ሥራ ይዛለች። ከዚህ በላይ የምነግርዎ የለኝም።

የሽማግሌዎቹ መምጣት አስከፍቶኝ እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ አስከፍቶኛል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ከናዝሬት ድረስ ተሳፍረው መጥተው ሳሎኔ ተቀመጡ። አንደኛው ሳያውቅ የተቀመጠው የእንደሻው ወንበር ላይ ነበር። ታራሚው ይቅርታ እንዲያገኝ የሟች ቤተሰብ መታረቁን የሚገልጽ ወረቀት ላይ መፈረም አለበት አሉኝ። አልፈረምኩም። እነሱ በሄዱ በሦስተኛው ሳምንት የእርስዎ ቦርሳ መጣ። ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት ያገለገልኩ ሴት ነኝ፤ ማመልከቻ ተከትሎ የሚመጣ ስጦታ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ቦርሳውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልዎታለሁ።

ከፌስታል የተሠራ መሆኑን መጀመሪያ አላመንኩም፤ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ነው ያረጋገጥኩት። ሥራው መጥፎ አይደለም። ታቹ ግን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል፤ መሬት ላይ ቢያስቀምጡት ይንከባለላል። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ቀለበት አልጨመሩለትም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎትና ይብቃን። እንደሻው ጉልበቱን ያመው ነበር፤ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እንኳ የማይሮጥ ሰው ነው። እርስዎ ግን በፍርድ ቤት “ድንገት ሮጦ ገባብኝ” ብለዋል። ለምን ሮጠ? ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዱትም እርስዎ ነዎት። የተናገረው ነገር ነበር?

ጽጌሬዳ ተክለጻድቅ

*

ጭሮ፣ ኅዳር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣

እጄ ላይ የደረሰው የእርስዎ ደብዳቤ መሆኑን ሳውቅ ለመክፈት አንድ ቀን ፈጀብኝ። መልስ አገኛለሁ ብዬ አልጻፍኩም ነበርና።

ስለ ቦርሳው ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሽማግሌዎቹን የላከችው እናቴ ናት፤ እኔ የሰማሁት ተመልሰው ከመጡ በኋላ ነው። ቦርሳውን የጀመርኩት ከዚያ በፊት ነበር። ነገሩ እርስዎ እንዳሉት እንደሚመስል ግን አሁን ገብቶኛል። ጅል ሰው ነኝ። የምልከው ሌላ ነገር አልነበረኝም፤ ባዶ ወረቀት ብቻ መላክ ደግሞ ከበደኝ። እንዲህ ስላስቀየመዎት ቦርሳውን ፈትቼዋለሁ።

እዚህ ጠያቂ ሲመጣ ምግቡን በፌስታል ይዞ ነው። ምግቡ ይበላል፣ ፌስታሉ ግቢው ውስጥ ይቀራል። ነፋስ ሲነሣ አጥሩ ላይ ሲንጫጫ ይውላል። ኦቦ ጀማል የሚባሉ የሥልሳ ዓመት አባት አሉ፤ እሳቸው ናቸው ነገሩን የጀመሩት። ፌስታሉን ዘይቱ እስኪለቅ በሳሙና ያጥቡታል፤ ጆሮውንና ታቹን ቆርጠው ይጥሉና የቀረውን በሁለት ጣት ስፋት ይከረክሙታል። አንዱ ፌስታል አሥር ቀለበት ይወጣዋል። ቀለበቱን በቀለበት ሲያያይዙት ቋጠሮ የሌለው ረጅም ክር ይሆናል። ብረት ስለማይፈቀድ ኪሮሹን ከወይራ ጠርበው ሰጡኝ። “ሹፌር፣ እጅህ መሪ መፈለጉን እስኪተው ይህን ያዝ” አሉኝ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ሴቶች ሲሠሩት እንጂ ወንድ ሲሠራው አይቼ አላውቅም። አሁን አሥራ አንድ ሆነናል።

ታቹ የሚጎደጉደው ለምን እንደሆነ ግን ኦቦ ጀማልም አያውቁትም። ቀለበት ይጨመራል ያሉት በየስንቱ ነው? ድፍረት ካልሆነብኝ።

ለጠየቁኝ ነገር፦ ምንም አልተናገሩም። ጤና ጣቢያ ሳንደርስ ነው ያረፉት። አልተሠቃዩም።

ለገሠ

*

ሐረር፣ ጥር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለለገሠ፣

ከእንግዲህ አንተ እልሃለሁ። ኪሮሽ ለማስተማር አንቱታ አይመችም።

በስድስት የኪሮሽ ቀለበት ጀምር። ሁለተኛው ዙር ላይ እያንዳንዷ ውስጥ ሁለት ሁለት ሥራ፤ አሥራ ሁለት ትሆናለች። ሦስተኛው ላይ አንድ ዘለህ ሁለት፣ አራተኛው ላይ ሁለት ዘለህ ሁለት። በየዙሩ ስድስት ብቻ ትጨምራለህ። ካነሰ ይጎደጉዳል፣ ከበዛ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል። የፈለግኸው ስፋት ላይ ሲደርስ መጨመሩን ተው፤ ያኔ ራሱ ወደ ላይ መቆም ይጀምራል። እጅህንም አላላ። መሪ የያዝክ ይመስል ጨምቀህ ነው የምትሠራው፤ ቦርሳህን ሳየው ገብቶኛል።

ይህን ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ዳንቴል ሠሪ ነኝ። እንደሻው ካረፈ ወዲህ ግን ኪሮሼን ከመሳቢያ አላወጣሁትም ነበር። ቦርሳህን የመለስኩልህ ቀን ወደ ኤረር በር ወረድኩ። ጫት የተጠቀለለበት ፌስታል መንገዱን ሞልቶታል። ስንት ዓመት ስረግጠው ኖሬ ያን ቀን አጎንብሼ አንዱን አነሣሁ። አጠብኩት፣ ቆረጥኩት፣ ሞከርኩት። ጫት የሚጠቀለልበት ቀጭኑ ለስላሳ ነው፤ ለባርኔጣ ይሆናል። የስኳሩ ወፍራም ነው፤ እሱ ለቦርሳ።

ጀጎል ውስጥ ሶፍያ የምትባል ወዳጅ አለችኝ። የሐረሪ ስፌት ትሰፋለች፤ ግድግዳዋ ላይ ያለውን ስፌት አይቶ የማይቆም ሰው የለም። የሠራሁትን አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ ታቹን አየችና “ወላሂ ጽጌ፣ ይህ ነገር ውኃ አያበላሸውም፣ ምስጥ አይበላው! ቀለሙን ግን እንደ እውር ነው የደባለቅሽው” አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለሙን የምትመርጠው እሷ ናት። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ “ቀዩን አምጪ፣ ጥቁሩን መልሺ” ትለኛለች። የሰፌዷን የጌጥ ሐረግ በወረቀት ሥዬልሃለሁ፤ ሞክረው። ከማን ጋር እንደምጻጻፍ ግን አልነገርኳትም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ታርቀናል ለማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ አልፈረምኩም፤ እፈርማለሁም አላልኩም።

እንዳልተሠቃየ መስማቴ ጥሩ ነው። ለምን እንደሮጠ ግን አልመለስክልኝም።

ጽጌሬዳ

*

ጭሮ፣ መጋቢት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጽጌሬዳ፣

ቆመ! መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ ቆመ። ኦቦ ጀማል ዙሪያውን እየዞሩ አዩትና የሁሉንም ቦርሳ አስፈቱ። “እኚህ የሐረር ሴትዮ ትምህርት ቤት ከፍተውልናል” አሉ። ዘቡም ደብዳቤውን ከእኔ በፊት አንብቦት ኖሮ “ስድስት ስድስት ነው የሚጨመረው” እያለ ሲያርመን ዋለ።

የላኩልኝ ሐረግ ግን ከበደኝ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት። አራተኛው ላይ ሲገጥምልኝ ምሳዬን ረስቼ ተገኘሁ። እዚህ ቤት ሰው የሚረሳው ነገር ሲያገኝ ትልቅ ነገር ነው።

እናቴ ደህና ናት፤ ባለፈው ወር መጥታ ጠይቃኛለች። የኪሮሹን ነገር ስነግራት ስቃ “አባትህ ቢያይህ” አለችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ አላገባሁም። ለማግባት እየተዘጋጀሁ ሳለሁ ነው ያ ነገር የሆነው። እሷን አትጠብቂኝ አልኳት።

ቢሮ ጠርተውኝ ለአዲስ ዓመት ይቅርታ ወረቀቱ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ካልቀረበ ስሜ እንደማይላክ ነግረውኛል። አትጠብቁት አልኳቸው። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለማስጨነቅ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ሰምተው ደበቀኝ እንዳይሉ ብዬ ነው።

ለዚያኛው ጥያቄዎ፣ እንጃ። መንገዱ ሰው ይበዛበታል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ይመስለኛል።

ለገሠ

*

ሐረር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለለገሠ፣

በዓሉ እንዴት አለፈ? ይህ አጭር ደብዳቤ ነው፤ ሰዎች ይጠብቁኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፍያ ግቢ ስድስት ሴቶች እንሰበሰባለን። ሁለቱ ከሶፊ ወረዳ ጎመንና ቲማቲም ይዘው የሚመጡ ናቸው፤ ገበያቸውን ጨርሰው ይቀመጡና እስኪመሽባቸው ይሠራሉ። “ፍየላችን ሆዷ ሲከፈት አንድ ኳስ ፌስታል ወጣ” ብላ የነገረችን አንደኛዋ ናት። ከዚያ ወዲህ የሶፊ ልጆች ሐኪም ከሚባለው ተራራ ቁልቋል ላይ እየለቀሙ በጆንያ ይልኩልናል።

ለሶፍያ ማን እንደሆንክ ነገርኳት። የያዘችውን ሥራ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ “ይህን ሥራ ከዚያ ሰው ማግኘትሽን ሳላውቅ ነው የወደድኩት፤ አሁን ልጥላው?” አለችኝ።

አስቤበታለሁ። ሽማግሌዎቹን ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ማግስት ይምጡ ብዬ መልእክት ልኬባቸዋለሁ። እፈርማለሁ። እሱ ካልተሠቃየ፣ አንተም እዚያ ተቀምጠህ ፌስታል ስታጥብ ብትኖር እሱን የሚመልስልኝ ነገር የለም።

ጽጌሬዳ

*

ጭሮ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጽጌሬዳ፣

ለዚህ ደብዳቤ ፖስታ ቤቱን አላመንኩትም፤ ዛሬ የተፈታ ሰው በእጁ ያደርስልኛል። እባክዎን ሳያነቡት አይፈርሙ።

ዋሽቼዎታለሁ። ሁለት ጊዜ።

ያን ቀን ወደ ሐረር የሚሄደው አውቶቡስ ለምሳ ቆሞ ነበር። ጋሽ እንደሻው ምግብ ቤቱን ለቀው ሊሳፈሩ መንገዱን ተሻገሩ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አዩና ተመለሱ። ፌስታል ረስተው ነበር። በረንዳው ላይ ካለው ጠረጴዛ አነሡት። ረዳቱ አውቶቡሱን እየደበደበ “እንሂድ” ሲል እሳቸው ፌስታሉን ይዘው ሮጡ።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ ይሉኛል። አይቻቸዋለሁ። በፍርድ ቤት ያልተናገርኩት ይህንን ነው። አቀበቱን እየወጣሁ ነበር፤ የጫንኩት ሲሚንቶ ነው፤ ፍሬን ብይዝ ኃይሌን አጣለሁ፣ እንደገና ለመነሣት መከራ ነው። ይቆማሉ ብዬ ገመትኩ። ሩጫ ሲጀምሩም ይቆማሉ አልኩ። ከዚያ በኋላ ብይዝም አልቆመልኝም። “ድንገት ሮጦ ገባብኝ” ያልኩት ውሸት ነው። መሮጣቸው እውነት ነው፤ ድንገት የሚለው ነው ውሸቱ።

ጋቢና ውስጥ ተናግረዋል። “ፌስታሉን” አሉኝ። “ይዤዋለሁ አባቴ” አልኳቸው። “የጽጌ ክር ነው” አሉ። ደጋግመው አሉት። ጤና ጣቢያ ደርሰናል፤ ያረፉት እዚያ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው። አልተሠቃዩም ያልኩዎትም ውሸት ነው።

ፌስታሉን ለፖሊስ አስረከብኩ። ውስጡን አላየሁም። መጀመሪያ በጻፉልኝ ደብዳቤ ላይ ቀለበት አልጨመሩለትም ሲሉኝ ኪሮሽ ሠሪ መሆንዎን አወቅሁ፤ ክሩ ምን ክር እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። ለእርስዎ ብለው መሮጣቸውን ከእኔ አፍ እንዲሰሙ አልፈለግሁም። ለእርስዎ አዝኜ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። አሁን ግን ላለመፍረምዎ ፈርቼ እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹን ይመልሷቸው። እናቴን እኔ እነግራታለሁ።

ለገሠ

*

ሐረር፣ ነሐሴ 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለለገሠ፣

አራት ወር ዝም አልኩህ። በመካከሉ ታመው ይሆን ብለህ የላክሃት አጭር ደብዳቤም ደርሳኛለች። አልታመምኩም።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በር ከፍቼ አስገባኋቸው፤ አልፈርምም አልኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። አንደኛው በጣም ሽማግሌ ነው፤ ሲወጣ ደረጃው ላይ ደገፍኩት።

የእንደሻውን ዕቃ ፖሊስ በጆንያ አድርጎ ከመለሰልኝ ጀምሮ አልጋ ሥር ነበር። አልከፈትኩትም ነበር። ደብዳቤህ በደረሰኝ ሳምንት ከፈትኩት። ጫማው፣ መነጽሩ፣ ፌስታሉ። ክሩ አሥራ ሁለት ድውር ነው፤ ለኤደን ሠርግ ብዬ የአልጋ ልብስ ልሠራበት ያዘዝኩት። አዲስ አበባ ሳለ ጠዋት ደውዬለት ነበር። “ክሩን ገዛህ ወይስ እንደ አምናው ረሳኸው?” አልኩት። ስቆ “ያለ እሱ ብመጣ በር ትከፍቺልኛለሽ?” አለኝ። አዎ አላልኩም። እኔም ስቄ ስልኩን ዘጋሁት።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር አንተን ስረግም የኖርኩት ያን ስልክ ላለማሰብ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ሶፍያ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። “የረሳውን ለማንሣት የተመለሰው ሚስቱን ስለፈራ መሰለሽ?” አለችኝ። “ሠላሳ ዓመት አብረሽው ኖረሽ አታውቂውም እንዴ! ባዶ እጁን መግባት ስላልፈለገ ነው። አሁን ይህን ወስደሽ ጥፋት ልታደርጊው ነው? አላህ ይይልሽ ጽጌ።” ተቆጥታኝ ነበር። ክሩን እሷ ዘንድ ተውኩት። አልሠራበትም፤ ልጇ ትሥራበት።

ፍሬን አለመያዝህን ግን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም። እስካሁን አንዳንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ስወጣ መንገድ ዳር እቆምና አንድ አይሱዙ ሲያልፍ ሹፌሩን አያለሁ። እኔን አይቶኝ ይሆን እላለሁ።

ኤደን ለክረምቱ መጥታ ደብዳቤዎችህን አገኘቻቸው። “እማዬ፣ ለዚህ ሰው ትጽፊያለሽ?” ብላ ጮኸችብኝ። የሚያዝያውን አውጥቼ አንብቢው አልኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጓዳ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

“ቢዋሽ ይፈታ ነበር አይደል?” አለችኝ።

“አዎ፤ በሚያዝያ እፈርምለት ነበር።”

“ይህን እያወቀ ነው የጻፈው?”

“እያወቀ ነው።”

“ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም። ስትሄጂ ግን ብቻሽን አትሂጂ” አለችኝ።

ትናንት አብረን ሄደን ፈረምን። እሷም እንደ ልጅ ፈርማለች። ወረቀቱ “ታርቀናል” ይላል። ሠላሳ ዓመት ያልሆነ ነገር ሆነ ተብሎ ሲጻፍ በገዛ ጣቴ መትቻለሁና ቃሉን ደጋግሜ አነበብኩት። ውሸት አይደለም። ያለቀ ነገር ግን አይደለም። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ራሴም ጠዋት ጠዋት እጠይቀዋለሁ፣ መልሱ እንደ ቀኑ ነው።

ጽጌሬዳ

*

ናዝሬት፣ ጥቅምት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ጽጌሬዳ፣

በመስከረም መጀመሪያ ወጣሁ። ከበሩ እንደወጣሁ ልጽፍልዎት ብዕር ይዤ ነበር፤ ግን ምን ብዬ? ምስጋና የሚለው ቃል አነሰብኝ፤ ሌላ ቃል ደግሞ አጣሁ።

መኪና አልነዳም። የከለከለኝ የለም፤ መንጃ ፈቃዴንም ማስመለስ ይቻላል ብለውኛል። አንድ ቀን የጓደኛዬ መኪና ላይ ተቀምጬ ሞከርኩ፤ ሞተሩን አስነሥቼ አጠፋሁት። አሁን ጎማ ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታ ከእናቴ ጋር ፌስታል እንቆርጣለን። ኦቦ ጀማል ገና ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል፤ በየወሩ ታጥቦ የተከረከመ ልክላቸዋለሁ። እዚያ ሃያ ሦስት ሆነዋል።

እናቴ “ሄደህ እግራቸው ላይ ሳትወድቅ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል?” ትለኛለች። እኔ ግን እርስዎ ካልፈቀዱ ሐረርን አልረግጥም። ሲፈቅዱ እመጣለሁ፤ ካልፈቀዱም አልቀየምም። ኤደንን ከይቅርታ ጋር ሰላም ይበሉልኝ።

ለገሠ

*

ሐረር፣ ጥቅምት 27 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለለገሠ፣

ና።

ሽማግሌ አታምጣ፤ ብቻህን ና፤ እናትህ መንገዱን ከቻለችው ከእሷ ጋር። ምንም ይዘህ አትምጣ። ዓርብ ከሰዓት ድረስና መጀመሪያ ወደ መቃብሩ አብረን እንሄዳለን፤ የምትለው ካለህ ለእሱ በለው፤ እኔ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። እግሬ ላይ መውደቅ የሚባለውን ግን ተወው፤ አልወደውም። ቅዳሜ ሶፍያ ግቢ ትውላለህ። ሴቶቹ ማን እንደሆንክ ያውቃሉ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ላያናግሩህ ይችላሉ፤ ቻለው። ኤደንም እመጣለሁ ብላለች፤ ምን እንደምትልህ አላውቅም፤ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

አንድ ነገር ላስጠነቅቅህ። ፍርድ ቤት አራት ቀን ተቀምጫለሁ፤ አንተም አንገትህን ደፍተህ፣ እኔም ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ስቤ። አንድም ቀን አላየሁህም። አሁን መንገድ ላይ ብታልፈኝ አላውቅህም። ይህን ሁሉ የጻፍኩለትን ሰው ፊት አላውቀውም።

ስለዚህ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ቀና በል። በሩ አጠገብ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ጽጌሬዳ